ከበሬ ቀንድ የሚወጣው ዋልያ፤ ስለ ትንንሽ የአራዊት ቅርጾች ንግድ

በመርካቶ፥ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ገበያ ሸቀጡን በየተራው ለይቶ የሚያስቀምጥ ገበያ ነው። ሸማው በሸማ ተራ፥ በርበሬው በበርበሬ ተራ ይፈለጋል፤ የወዳደቀው ብረትና ቆርቆሮም በምናለሽ ተራ መልኩን ለውጦ እንደገና ለሽያጭ ይበቃል። የተጣለ ነገር በባለሞያ እጅ ዋጋ እንደሚያገኝ ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። ይኸው ጥበብ ገና በሙሉ ያልተሠራበት አንድ ሸቀጥ ግን አለ፤ ይኸውም የዱር አራዊትን መልክ ይዞ በእጅ የሚቀረጸው ትንሽ የመታሰቢያ ዕቃ ነው።

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ከብቱ ለሥጋ ሲታረድ ቆዳው ገዢ አያጣም፤ ቀንዱ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ጥራጊ ይቆጠራል። ለቀራጭ ይህ ጥራጊ መልካም ጥሬ ዕቃ ነው። ቀንዱ በውኃ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ውስጡ ያለው አጥንት ይወጣል፤ ከዚያም በመጋዝ ይከፈላል። ክፍት የሆነው የታችኛው ክፍል ለዋንጫ፥ ለማንኪያና ለማበጠሪያ ይሆናል። ድፍኑ ጫፍ ደግሞ ለወፍ፥ ለአንበሳና ለሌላውም እንስሳ ቅርጽ ይመረጣል። ቀንድ በሙቀት ሲለሰልስ ይታጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም የተሰጠውን ቅርጽ እንደ ያዘ ይቀራል። በቢላዋና በሞረድ ቅርጹ ከወጣ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በጨርቅ ሲወለወል እንደ መስተዋት ያበራል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በመርካቶ የሚገኝ ነው።

ከእንጨት የሚሠራውም እንዲሁ የራሱ ሥርዓት አለው። የወይራ እንጨት ጠንካራና መልከ መልካም ስለ ሆነ ለትንሽ ቅርጽ ይስማማል፤ ነገር ግን በሚገባ ሳይደርቅ የተቀረጸ እንደ ሆነ በገዢው ቤት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀውን አንበሳ የተመለከተ እንግዳ ቀራጩን አያውቀውም፤ የሚያስታውሰው የሸጠለትን ሱቅና የመጣበትን አገር ነው። ከዚህም በላይ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፥ ኮሶ፥ ዝግባና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የነጋዴ ግዴታ ነው።

በዚህ ንግድ ላይ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው የዝሆን ጥርስ ነው። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1989 በተደረገው ውሳኔ ከታገደ በኋላም በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆች የዝሆን ጥርስ ቅርጻ ቅርጽ ሲሸጥ ቆይቶአል። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ባለሥልጣኖች ሱቆቹን ፈትሸው ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ያዙ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ በዱር እንስሳት ውጤት መነገድን ከለከለ። መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በመጋዘን ያከማቸውን ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጠለ። በዝሆን ጥርስ የተነገደ ሁሉ የዝሆኑን ዘር ከማመንመኑም በላይ የሐቀኛውን ቀንድ ቀራጭ ሥራ በጥርጣሬ ውስጥ ጥሎታል። ገዢው በአውሮፕላን ጣቢያ እንዳይያዝበት ፈርቶ ነጭ የሆነውን ዕቃ ሁሉ ትቶ ይሄዳልና።

ስለዚህ ባለሱቅ የሚሸጠውን ለይቶ ማወቅ አለበት። የዝሆን ጥርስ በተቆረጠበት ገጽ ላይ እርስ በርሳቸው የሚተላለፉ ቀጫጭን መሥመሮች ይታያሉ። አጥንት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለው። ቀንድ በጋለ መርፌ ሲነካ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ቀንድም ቢሆን የእንስሳ ውጤት ስለ ሆነ አንዳንድ አገሮች የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ፤ በብዛት ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የተቀባዩን አገር ደንብ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የእንስሳው ምርጫ ነው። ዝሆንና ቀጭኔ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ሁሉ ሞልተዋል። ዋልያ፥ ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳ ዝንጀሮና የደጋ አጋዘን ግን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኙም። የዋልያ ስም በብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ቅጽል ስም በየቤቱ ገብቶአል፤ የደጋ አጋዘንም በ1969 ዓ.ም. በተሠራው የ10 ሳንቲም ገንዘብ ላይ ተቀርጾ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮአል። የቀይ ቀበሮ ቁጥር ደግሞ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 እንደማይበልጥ ይገመታል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ሕይወቱን ሳይነኩ መልኩን ብቻ በመሸጥ የሚገኝ ትርፍ ንጹሕ ትርፍ ነው። ለቀራጩም ትእዛዝ ሲሰጥ አሠራሩ ሊታሰብ ይገባል፤ የዋልያው ረጅም ቀንድ ከጀርባው ጋር ተያይዞ ካልተቀረጸ በሻንጣ ውስጥ ይሰበራል።

በዚህ ረገድ የጎረቤት አገር ምሳሌ ይጠቅማል። በኬንያ ሙቲስያ ሙንጌ የተባለ የዋሙንዩ ሰው ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በታንጋኒካ ከዛራሞ ጠራቢዎች ያገኘውን ሞያ ለካምባ ወገኖቹ አስተማረ። የሞያው ልጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የእንጨት አራዊታቸውን በዓለም ገበያ አስገቡ። ሆኖም ሙሁጉ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ከደኑ እየመነመነ በመሄዱ በኋላ ወደ ኒምና ወደ ማንጎ እንጨት መዞር ግድ ሆነባቸው። በኢትዮጵያም ከጎንደር ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ሴቶች አንበሳና ሌላም ትንሽ ቅርጽ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የአካባቢው ሴቶች ሥራውን ቀጥለዋል። ገዢ እስካለ ድረስ ሞያ ወራሽ አያጣም።

እንግዲህ ቀሪው የነጋዴው ድርሻ ነው። በእያንዳንዱ ቅርጽ ላይ የእንስሳው ስም፥ የተሠራበት ዕቃ ዓይነትና የቀራጩ ምልክት ያለበት ትንሽ ወረቀት ቢታሰር ወጪው እጅግ ጥቂት ነው፤ ገዢው ግን ያለ ስጋት ይገዛል፥ ቀራጩም በስሙ ይታወቃል። ለባለሞያው በጊዜው መክፈል፥ ያልደረቀ እንጨት አለመቀበል፥ ምንጩ ያልታወቀ ነጭ ዕቃ በሱቅ አለማስገባት፤ ይህን ንግድ የሚያቆሙት ምሰሶዎች እነዚህ ናቸው። በቄራ የተጣለው ቀንድ ዋልያ ሆኖ ባሕር ሲሻገር ቀራጩም፥ ባለሱቁም፥ ላኪውም ድርሻቸውን ያገኛሉ፤ በስሜን ተራራ ያለው ዋልያም ሳይነካ ይኖራል።