ሕፃናትን ፖፖ ስለ ማስለመድና ስለ ፎገራ ሜዳ ውሃ

ልጅን ወልዶ ማሳደግ ታላቅ አደራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስለ ልጅ ትምህርት ስንነጋገር ፊደሉንና ምግባሩን እናነሣለን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረውን፣ ይኸውም ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን በሚገባው ቦታ መጣልን፣ እንደ ተራ ነገር ቈጥረን ለእናትና ለሞግዚት ብቻ እንተወዋለን። ይሁን እንጂ የቤተ ሰብም የጎረቤትም ጤና የተያዘበት ነገር ነውና ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት እንጽፋለን።

ለዚህም የፎገራ ሜዳ መልካም ምስክር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጣናን ሐይቅ በስተ ግራው አድርጎ ወደ ወረታ ሲቃረብ፣ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ወደ ጣና የሚፈሱበትን ለጥ ያለ ሜዳ ያያል። አገሩ በከብቱና በሩዙ የታወቀ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ወንዞቹ ሞልተው ይፈሳሉ፤ ውሃውም በማሳው ላይ ተኝቶ ይከርማል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ከልክ አልፎ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። እንዲህ ባለው አገር በአንዱ ጓሮ የተጣለ ነገር በዚያው ጓሮ አይቀርም፤ ውሃው አንሥቶ ለጎረቤቱና ለማሳው ያደርሰዋል።

ብዙ ሰዎች የሕፃን ዓይነ ምድር ጉዳት የለውም ብለው ያስባሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ተቅማጥና የሆድ ትል ሕፃናትን አብዝተው ስለሚይዙ፣ የሕፃኑ ዓይነ ምድር ከአዋቂው ቢከፋ እንጂ አይሻልም። የወስፋት ዕንቁላል በእርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። የቢልሃርዚያ ዕንቁላል ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ትሉም በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ከተራባ በኋላ ወጥቶ፣ በማሳው በባዶ እግሩ የቆመውን ገበሬና በውሃው የሚጫወተውን ልጅ በቆዳው ዘልቆ ይገባበታል። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን ከሚያመላልሱት አንዱ የሆነው ዝንብም የሚራባው በገላጣ መሬት በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው።

እንግዲህ ማስለመዱ መቼ ይጀመራል ቢሉ፣ ልማዱ እንደየአገሩ ይለያያል። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የሚኖሩ የዲጎ እናቶች ልጁ ከተወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጀመራቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 የታተመ ጥናት ገልጿል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ብራዝልተን ግን በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ ልጁ ራሱ እስኪዘጋጅ መጠበቅ እንደሚሻል መክሯል። ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም፣ ሁለቱም የቆሙት የልጁን ምልክት አስተውሎ በመከተል ላይ ነው።

ብዙዎቹ ልጆች ከዓመት ከመንፈቅ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ይዘጋጃሉ። ምልክቱም እነዚህ ናቸው፤ 1ኛ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይረጥብ መቈየት። 2ኛ፤ ራሱ ሄዶ መቀመጥና መነሣት። 3ኛ፤ መምጣቱን በቃል ወይም በምልክት ማስታወቅ። ፖፖው ዝቅ ያለ፣ የልጁ እግር መሬት የሚረግጥበት ይሁን። ምግብ አንጀትን ስለሚያነቃቃ ከቍርስና ከምሳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል። ሲሳካለት ይመስገን፤ ሲያመልጠው ያለ ቍጣ ይጸዳ። እናት የምታስለምደውን ሞግዚቷ እንዳታፈርስባት፣ ሁለቱ አንድ ሥርዓት ይያዙ።

ቍጣና ዱላ ግን ነገሩን ያበላሹታል። የፈራ ልጅ ዓይነ ምድሩን ይዞ ያቈየዋል፤ የቈየው ይደርቃል፤ የደረቀውም ሲወጣ ያሳምመዋል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አብልጦ ይይዘዋል። እንዲህ ሲሆን ውሃ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መስጠት፣ ካልተሻለውም ለሐኪም ማሳየት ይገባል። ታናሽ ሲወለድበት፣ ሲታመም፣ ወይም በጎርፍ ምክንያት ከቤቱ ሲወጣ የለመደውን ቢረሳ አያስደንቅም። ሌሊት መድረቅም ከቀኑ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ድረስ በመኝታው ቢሸና እንደ ጥፋት አይቈጠርበት። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ይሁን እንጂ ልጁ በፖፖ መቀመጡ የሥራው ግማሽ ነው። በፖፖው ያለው በሜዳ ወይም በቦይ ከተደፋ ልጁ ተማረ፤ ወላጁ ግን አልተማረም። ዓይነ ምድሩ ሰገራ ቤት ጕድጓድ ውስጥ ይደፋ፤ ፖፖው የታጠበበትም ውሃ እዚያው ይግባ፤ የልጁም የእናቲቱም እጅ በሳሙና ይታጠብ። እንደ ፎገራ ባለው ሜዳ ጕድጓዱ ጎርፍ እንዳይገባበት ከፍ ባለ ስፍራ፣ ከመጠጥ ውሃ ርቆ ሊሠራ ይገባል።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴቶች ሠልጥነው እየተመደቡ ስለ መጸዳጃ ቤት በየቤቱ ሲያስተምሩ ቈይተዋል። የሕዝብ አደራ ያለባችሁ ሹማምንትም በየቀበሌው ያለውን ሰገራ ቤት ስታስቈጥሩ፣ የሕፃኑስ የት ይደፋል ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሳይጠየቅ የተቈጠረ ሰገራ ቤት ቁጥሩ ሙሉ ቢሆንም፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው የሚያመጣውን በሽታ አያስቀርም።