ያውቁ ኖሯል? ማውዝዎ የሚቋረጠው መቼ ነው?

በብዙ ላፕቶፖች መግለጫ ላይ «እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ» የሚል መስመር እንዳለ ያውቁ ኖሯል? ቁጥሩ 10,000 ጫማ ወደ ሜትር ሲመነዘር ነው። የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,200 ሜትር ይደርሳል። እንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ላፕቶፕ ይዞ ለሥራ ወደዚያ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ ከፍ ያለውን ቦታ የመረጠ ሰው እንግዲህ አምራቹ ካሰመረው ወሰን በላይ ተቀምጦ እየሠራ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ማራገቢያው እንደ ቆላው አገር ሙቀት ማውጣት አይችልም። የድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክም መረጃ የሚያነብበት ጫፍ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከፍታ አይመቸውም። ማውዝ ግን ለከፍታ ግድ የለውም። እዚያ ላይ ሆነው ማውዝዎ እየተቋረጠ ካስቸገረዎት ተራራውን አይውቀሱ። አዲስ ለመግዛትም ወደ መገናኛ ሱቆች አይሩጡ። መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የሚቋረጠው መቼ ነው?

ማውዝ «ተቋረጠ» የሚባልበት ጊዜ ሁሉ በእርግጥ የተቋረጠበት እንዳልሆነስ? ዊንዶውስ በዩኤስቢ የተሰካ ዕቃ ሲነቀል ከፍ ብሎ ዝቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሲሰካ ደግሞ ዝቅ ብሎ ከፍ የሚል። እጅዎ ሳይነካው ይህን ድምፅ ደጋግመው ከሰሙ ግንኙነቱ በእርግጥ እየተበጠሰ ነው። ቀስቱ ቆሞ ድምፁ ካልተሰማ ግን ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ማውዙ ያረፈበትን ጠረጴዛ ይመልከቱ። የዛሬ ማውዝ ከሆዱ በሚረጨው ብርሃን የጠረጴዛውን ገጽ ያለማቋረጥ ፎቶ እያነሳ፣ አንዱን ፎቶ ከሌላው እያነጻጸረ ነው የሚሄደው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ማውዝ በሰከንድ 1,500 ፎቶ ያነሳ ነበር። መስታወት ላይ ሲቀመጥ ፎቶው ባዶ ይሆንበታል፤ የሚያነጻጽረው ምልክት ያጣል። መድኃኒቱ ከማውዙ ሥር የሚዘረጋ አንድ ወረቀት ወይም ደብተር ነው። ወረቀቱ ላይ በደህና ከሄደ ማውዙ ጤነኛ ነው።

የማውዝ ገመድ ማስቸገር የጀመረው ከመጀመሪያው ማውዝ ጀምሮ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ዳግላስ ኤንግልባርት ያሰበውን ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከእንጨት ሠራው። ገመዱ በመጀመሪያ የሚወጣው በእጅ አንጓ በኩል ነበር፤ እጅ እየጠለፈ ሲያስቸግር ወደ ፊት ተዛወረ። ዛሬም ገመድ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በሁለት ቦታ ነው፦ ከማውዙ በሚወጣበት አንገቱ ላይና ከመሰኪያው ጋር በሚገናኝበት። ውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በተለመደው የቀለም አመዳደብ ቀዩና ጥቁሩ ኃይል፣ ነጩና አረንጓዴው መረጃ ያስተላልፋሉ። ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ሲጨመር ገመዱ ማውዙ ላይ ተጠቅልሎ ይታሠራል፤ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ ላስቲኩ ከላይ ደህና መስሎ ሽቦው ከውስጥ ይበጠሳል። ምርመራው ቀላል ነው። ማውዙን በአንድ እጅ ጠረጴዛው ላይ አጥብቀው ይያዙ፣ በሌላው እጅ የገመዱን አንገት ቀስ ብለው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ያጥፉት። ያ የመነቀል ድምፅ ከተሰማ ወይም ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ካለ ቦታውን አገኙት። ጥሩ ጠጋኝ የተጎዳውን ቆርጦ ያወጣና ሽቦዎቹን በየቀለማቸው መልሶ በእርሳስ ይበይዳቸዋል። ገመዱ በጥቂቱ ያጥር ይሆናል እንጂ ማውዙ ይድናል። አንድ ሽቦ ተበጥሶበት ሙሉ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። ወደፊት ሲጠቀልሉት ደግሞ ከማውዙ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከገመዱ ጋር ሰፋ አድርገው ይጠቅልሉት።

የተለመደው ሰፊው የዩኤስቢ መሰኪያ በደረጃው መሠረት 1,500 ጊዜ መሰካትና መነቀል እንዲችል ብቻ የሚጠበቅ መሆኑንስ? በቀን ሁለት ጊዜ የሚሰካ ከሆነ ሁለት ዓመት ከጥቂት ቀናት ነው። አዲሱ ታይፕ ሲ 10,000 ጊዜ እንዲችል ተደርጎ ነው የተሠራው።

መሰኪያውን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩ ከአራቱ ወርቃማ ሰንበሮች ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ከመካከለኞቹ ረዘም እንደሚሉስ አስተውለው ያውቃሉ? ዳር ያሉት ኃይል፣ መሃል ያሉት መረጃ ናቸው። ሲሰካ ኃይሉ ቀድሞ እንዲነካ፣ ሲነቀል መረጃው ቀድሞ እንዲለቅ ሆን ተብሎ ነው። በዚህ የተነሳ ፖርቱ የላላ እንደሆነ ማውዙ ኃይል እያገኘ መረጃው ብቻ ሊቋረጥ ይችላል። ሌላ ፖርት ላይ ይሞክሩት፤ ቀጥሎም ሌላ ኮምፒውተር ላይ። ሌላው ላይ በሰላም ከሠራ ማውዝዎ ከጥፋቱ ነጻ ነው።

መብራት ሲሄድ ማውዝ መቋረጥ የሚጀምርበት ላፕቶፕ አለ፤ ምክንያቱን ያውቁ ኖሯል? ዊንዶውስ ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ፖርትን ኃይል ለመቆጠብ ያስተኛል። ይህ መቼት ደግሞ ላፕቶፑ ከሶኬት ሲሠራና በባትሪ ሲሠራ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው። መብራቱ ጥፍት እንዳለ ኮምፒውተሩ ወደ ባትሪው ሕግ ይሻገራል፤ ትንሽ ያረፈ ማውዝም እንቅልፍ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ ሲቀሰቅሱት ቶሎ አይነቃም። እንጦጦ ላይ ከሶኬት ርቆ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ በዚህ ሕግ ሥር ነው የሚውለው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ስታርት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ይክፈቱ፤ ከታች በዩኤስቢ ዝርዝር ውስጥ «ዩኤስቢ ሩት ሃብ» የሚለውን በእጥፍ ይጫኑ፤ «ፓወር ማኔጅመንት» በሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ዝርዝሩ ውስጥ ሩት ሃብ ከአንድ በላይ ከሆነ ለሁሉም ያድርጉት። ባትሪዎ የሚያጣው ጥቂት ነው። ብዙ ጤነኛ ማውዝ ያለ ኃጢአቱ የሚጣለው በዚህች አንዲት ምልክት ነው ብዬ አምናለሁ።

የራሱ ቻርጀር የሌለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ከኮምፒውተሩ የሚያገኘውን 500 ሚሊአምፔር ለተሰካው ሁሉ እንደሚያካፍልስ? ይህ በዩኤስቢ 2.0 ነው። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሲሰኩ ማውዙ ከጠፋ ሃርድ ዲስኩ ድርሻውን በልቶበታል። ማውዙን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት።

ወደ ገመድ አልባው እንለፍ። አብዛኛው ገመድ አልባ ማውዝ የሚነጋገርበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና የምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ሳይቀር የሚጋሩት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ነባሩ ብሉቱዝ ግፊያውን የሚያመልጠው ሞገዱን በ79 ጠባብ መስመሮች ከፍሎ በሰከንድ 1,600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። ያም ሆኖ ፎቅ ሙሉ ዋይፋይ ባለበት ሕንፃ ውስጥ የሚንተባተብ ማውዝ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሊሻለው ይችላል። ፓርኩ ውስጥ ሰላም ሆኖ ቢሮ ሲገቡ ከታመመ የሚጠረጠረው አየሩን የሞላው ሞገድ ነው። የቢሮው ራውተር 5 ጊጋኸርዝ ካለው ላፕቶፑን ወደዚያ ያዛውሩት፤ ለማውዙ ቦታ ይለቀቅለታል።

ከሁሉም የሚገርመው ጠላት የሚገኘው ግን እዚያው ላፕቶፑ ላይ ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ ዩኤስቢ 3.0 ፖርትና ኬብል ሲሠሩ በዚሁ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ እንደሚያመነጩ አሳይቷል። ፖርቱን ብዙውን ጊዜ በውስጡ ባለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይለዩታል። የማውዙን ትንሽ መቀበያ ከሰማያዊው ፖርት አጠገብ ሰክተው በሰማያዊው ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ፋይል ሲገለብጡ ቀስቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጥፋተኛው ተያዘ። መቀበያውን ወደ ሌላኛው ጎን ያዙሩት፤ ካልሆነም በአጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ከላፕቶፑ ያርቁት። የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይም ከጀርባ፣ ከብረቱ ሣጥን ኋላ ከመሰካት ከፊት መሰካት ይሻላል፤ ብረት ሞገድ ይጋርዳል።

ግንኙነት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ታውቆ ይሠራበት የነበረ ቦታ እዚያው እንጦጦ ላይ መኖሩንስ ያውቁ ኖሯል? ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ለተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ለኢቲአርኤስኤስ-1፣ የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነበር። ከምድር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትዞር ሳተላይት በአንድ ማለፍ ከጣቢያ ጋር የምትተያየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ከዚያ ከአድማስ በታች ትገባለች። መሐንዲሶቹ የምትመጣበትንና የምትጠፋበትን ሰዓት አስልተው፣ የሚላከውን ትእዛዝ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ለማውዝም የምመክረው ይህንኑ ሥርዓት ነው፦ የተቋረጠበትን ሰዓትና በዚያች ቅጽበት ምን ይሠሩ እንደነበር ወረቀት ላይ ይጻፉ። መብራት ሄዶ ነበር? ሃርድ ዲስክ ሰክተው ነበር? የጆሮ ማዳመጫዎን በብሉቱዝ አገናኝተው ነበር? መቋረጡ ከአንዱ ጋር ደጋግሞ ከገጠመ ወዴት መሄድ እንዳለብዎ ያውቃሉ፤ ከምንም ጋር ካልገጠመ ወደ ገመዱና ወደ ባትሪው ይመለሱ።

ስለ ባትሪ ካነሳን፣ ተራ የአልካላይን ባትሪ በብርድ አቅሙ እንደሚቀንስ ያውቁ ኖሯል? በእንጦጦ ማለዳ የደከመ ባትሪ ድካሙ ቶሎ ይታወቃል። ትንሽ ሲሠራ ቆይቶ የሚጠፋ፣ ከመቀበያው ትንሽ ሲርቅ የሚቋረጥ ገመድ አልባ ማውዝ ካለዎት ከሁሉ በፊት ባትሪ ይቀይሩለት።

በበጋው ደረቅ አየር ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሹራብ ለብሰው ኮምፒውተር ሲነኩ የሚነዝርዎት ብልጭታ የዩኤስቢ ፖርትን ለጊዜው ሊያደነዝዘው እንደሚችልስ? ላፕቶፑን አጥፍተው፣ ቻርጀሩን ነቅለው፣ ትንሽ አቆይተው መልሰው ያስነሱት። መሬት ከሚገባ ሽቦ ጋር ያልተገናኘ ሶኬት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስጠሩ፤ ይህ ለማውዙ ብቻ ሳይሆን ለሕይወትዎም ነው።

የጠፋው መቀበያ ብዙ ጊዜ ማውዙ ውስጥ፣ በባትሪው ክዳን ሥር በተሠራለት ጉድጓድ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? ከሌለ የሌላ ድርጅት መቀበያ አይተካውም። ከሎጂቴክ ማውዞች ግን ብርቱካናማ ኮከብ ያለባቸው እርስ በርስ ይግባባሉ፤ አንዱ መቀበያ እስከ 6 ዕቃ ያስተናግዳል።

ማውዙ ጨርሶ እምቢ ሲል ቀስቱን በኪቦርድ ማንቀሳቀስ እንደሚቻልስ? በግራ በኩል ያሉትን አልትና ሺፍት ይዘው ነም ሎክን ይጫኑና ለሚመጣው ጥያቄ ኢንተር ይበሉ። ከዚያ በኋላ በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ማውዝ ይሆናል፦ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ፣ 5 ጠቅ ማድረጊያ። ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን ኮንትሮልና ኤስን ተጭነው ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ።