የሆስፒታል ግንባታ ውል፦ አደጋውን የሚሸከመው ማን ነው?

የኤክስሬይ ክፍል ግድግዳ በእርሳስ ንጣፍ ይሸፈናል፤ የኦክስጅን ቧንቧ እስከ አልጋው ራስጌ ይዘረጋል፤ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የሚገባው አየር ይጣራል። ይህ ሁሉ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ተወስኖ ማለቅ አለበት። በመሃል ሐሳብ ቢለወጥ፣ ሥራው ቢጓተት ማን ይከፍላል? መልሱ ያለው በግዥው ዘዴ ውስጥ ነው።

የተለመደውን መንገድ እናውቀዋለን። አማካሪ መሐንዲስ ዲዛይኑንና የሥራ ዝርዝሩን ያዘጋጃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ መስፈርቱን አሟልቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ተቋራጭ ያሸንፋል። ሐኪሞች አስቀድመው ሐሳብ ለመስጠት ይመቻቸዋል፤ ለዲዛይን ጉድለት የሚከፍለው ግን በአብዛኛው አሠሪው ነው። በዲዛይንና ግንባታ ውል ነድፎ የሚገነባው አንድ ተቋራጭ ስለሆነ ጥፋቱን በሌላ አያላክክም። የተጠቃሚው ፍላጎት ከጅምሩ ጥርት ብሎ ካልተጻፈ ግን ርካሹ አማራጭ ይመረጣል።

ብሪታንያ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ሦስተኛ መንገድ አመጣች። ኩባንያ ተበድሮ ሆስፒታሉን ይገነባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ዓመት ገደማ ሕንፃውን ያስተዳድራል፤ መንግሥት አገልግሎት ሲጀመር በየዓመቱ ይከፍላል። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የመንግሥት ሠራተኞች ሆነው ይቀጥላሉ። ብድሩ በአብዛኛው በመንግሥት ዕዳ መዝገብ ላይ ስለማይታይ ፖለቲከኞች ወደዱት።

የሊቨርፑል ሮያል ሆስፒታል በዚህ መንገድ ተጀመረ፦ 646 አልጋ፣ ለእያንዳንዱ ተኝቶ ታካሚ የራሱ ክፍል፣ ማጠናቀቂያው 2017 (እ.ኤ.አ.)። የኮንክሪት ቢሞች ተሰነጠቁ፣ ሥራው ተጓተተ፣ ተቋራጩ ካሪሊየን በጥር 2018 ከሰረ። ሆስፒታሉ በመንግሥት ገንዘብ ሲቀጥል የመዋቅሩ ችግር ከተገመተው የከፋ ሆኖ ተገኘ፤ የተጠናቀቁ ወለሎች ሳይቀሩ ተገላልጠው ማጠናከሪያ ተደረገላቸው። ታካሚዎች የገቡት በ2022 ነው። በ2018 መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት በዚህ ስልት አዲስ ውል እንደማይገባ አስታውቋል።

ለፍትሕ ሲባል ግን፣ ባለሀብቶቹና አበዳሪዎቹ ከባድ ኪሳራ ደርሶባቸዋል፤ ውሉ በዚህ በኩል ሥራውን ሠርቷል። የገንዘብ አደጋ በውል ወደ ሌላ ይተላለፋል። በአሮጌው ሕንፃ ውስጥ አምስት ዓመት ተጨማሪ የጠበቁት ታካሚዎች ያጡትን ጊዜ ግን የትኛውም አንቀጽ አልመለሰላቸውም።

ኢትዮጵያም የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076ን በ2010 ዓ.ም. አውጥታለች። በዚህ መንገድ ሆስፒታል የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ከዓመታዊ ክፍያው እኩል አጥብቆ ሊደራደርበት የሚገባ ነገር አለ፦ በግንባታው ወቅት መዋቅሩን በገለልተኛ መሐንዲስ የማስፈተሽ መብት፣ ተቋራጩ ቢወድቅም ሥራውን በስንት ቀን ማን እንደሚረከበው።