ጤዛና መርዶ

የእናቴን መርዶ የሰማሁት ማለዳ ላይ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፤ ሲከፈት ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል። ስልክ በየኪሳችን በገባበት በዛሬው ጊዜ እንኳ ወዳጆቼ ይህን ወግ አልተዉትም። ለቀብር አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አይጠይቀኝም።

ሦስት ቀን ተለቀሰ፤ ሰዉም ወደየፈረቃው ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ቤቱ አላስቀምጥ ሲለኝ መሐል ከተማ ወርጄ ስንከራተት ብርዱ አባረረኝና የእስያ ጥበብ ወደሚታይበት ፍሪር ጋለሪ ገባሁ። መግቢያው በነጻ ነው። በዲትሮይት የባቡር ፉርጎ እየሠራ የከበረው ቻርልስ ላንግ ፍሪር ስብስቡን ለአሜሪካ ሕዝብ አበርክቶ፣ ቤቱ በ1923 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተከፈተ ነው።

እዚያ ከአንድ ግራጫ ድንጋይ ፊት ቆምኩ። የመጣው ጥንት ጋንዳራ ይባል ከነበረው፣ ዛሬ በሰሜን ምዕራብ ፓኪስታን ከሚገኘው አገር ነው። የተጠረበውም በሁለተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ወይም በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ነው፤ አክሱም ገና ክርስትናን ሳትቀበል ማለት ነው። የቡድሃን ሕይወት በአራት ክፍል ያሳያል። በመጀመሪያው እናቱ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዛ ቆማ ሕፃኑ ከጎኗ ይወጣል፤ በሁለተኛው ከዛፍ ሥር እንደተቀመጠ የአጋንንት ሠራዊት ይከበዋል፤ በሦስተኛው ያስተምራል፤ በአራተኛው ይሞታል።

ዐይኔ ተተክሎ የቀረው አራተኛው ላይ ነው። ቡድሃ በቀኝ ጎኑ ጋደም ብሎ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። በዙሪያው ያሉት ግን ያለቅሳሉ። ከአልጋው ሥር አንድ ሰው ብቻ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ደቀ መዝሙሩ ሱባድራ ነው። የቡድሃ ትምህርት ሁሉም አላፊ ስለሆነ ምንም ነገር የሙጥኝ አትበሉ ይላልና፣ ትምህርቱ የገባው ሱባድራ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጠራቢው ግን ድንጋዩን የሞላው በለቃሾች ነው።

ውጭ አገር ስማር ስለ ቡድሃ እምነት አንድ ኮርስ ወስጄ ነበር። ከዚያ የቀረኝ ነገር ቢኖር «ስሜትን አድርቁ የሚል ሃይማኖት ነው» የሚል ግምት ብቻ ነው። ግምቴን ድንጋዩ አነቃነቀው፤ ጨርሶ የናደው ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ያገኘሁት ጃፓናዊው ገጣሚ ኮባያሺ ኢሳ ነው።

ኢሳ በ1763 ካሺዋባራ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። እናቱ የሞተችው በሦስት ዓመቱ ነው። ከእንጀራ እናቱ ጋር አልስማማ ሲል፣ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ሳለ፣ አባቱ ዛሬ ቶኪዮ ወደምትባለው ወደ ኤዶ ላከው። አባቱ በ1801 ሲሞት አጠገቡ ሆኖ አስታመመው፤ ቤቱን ግን እንጀራ እናትና ወንድም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ተከራከሩት። በ1813 ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ በድርሻው ሲገባ ዕድሜው ሃምሳ ደርሷል። ከሀገር ወጥቶ ያረጀ ሰው ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳይፈልግ ያነበዋል።

ዘግይቶ አገባ። ኪኩ ከምትባለው ሚስቱ አራት ልጆች ወልዶ አራቱም በሕፃንነታቸው ሞቱበት። በ1819 ሳቶ የምትባል ሴት ልጁን ፈንጣጣ ወሰዳት፤ ገና በሁለተኛ ዓመቷ ላይ ነበረች። ኢሳ የዚያን ዓመት ውሎውን በመዘገበበት መጽሐፍ ስለ እሷ አንድ ሐይኩ ጻፈ። ሐይኩ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ብሎ በዐሥራ ሰባት ቀለም የሚያልቅ ግጥም ነው፤ በእጥረቱ የኛን ጉባኤ ቃና ያስታውሳል። የእምነቱ ሰባኪዎች ዓለምን በጤዛ ይመስላሉ። (የእኛም አልቃሾች ጤዛን ያውቁታል፤ ኃይሌ ገሪማም ከባሕር ማዶ ስለተመለሰው ሐኪም በ2008 ያወጣውን ፊልም «ጤዛ» ብሎታል።) ኢሳ ትምህርቱን ይቀበላል፣ አይክድም። ልቡ ግን እሺ አይለውም፤ ግጥሙንም ሳይዘጋው ይተወዋል።

መምህራን ይህን የእምነት መጉደል ቢሉት አይገርመኝም። ኢሳ የነበረበት የጆዶ ሺንሹ ወገን ግን ሰው በራሱ ብርታት እንደማይድን፣ የሚድነው አሚዳ በተባለው ቡድሃ ቃል ኪዳን እንደሆነ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ልቡ አልችል ማለቱን የሚደብቅበት ምክንያት አልነበረውም። ለኔ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት «የሁላችንም መንገድ ነው» ሲሉኝ «እውነት ነው» እያልኩ ነበር የመለስኩት። እውነትም ነው። የቀረውን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ኪኩም በ1823 ሞተች። በ1827 የመንደሩ ቃጠሎ ቤቱን በላው። ኢሳ ከእሳቱ በተረፈ የጭቃ ጎተራ ውስጥ ሲኖር በ1828 መጀመሪያ እዚያው ዐረፈ፤ ጎተራው እስካሁን አለ። ከሞተ በኋላ ከመጨረሻ ሚስቱ የተወለደችለት ሴት ልጅ ግን አደገች።

መጽሐፉን እንደጨረስኩ ወደ ድንጋዩ ተመልሼ ሄድኩ። ጥበቃው የሀገር ልጅ ኖሮ፣ ብዙ መቆሜን አይቶ ቀረብ አለና፣

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ።

ለቃሾቹን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው።

«እነዚህስ የኛው ሰዎች ናቸው» አለ።