የበር ደወል ሳይጮኽ ሲቀር

እኅቶቼ፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በር ደወል ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በእሱ ምክንያት ያለ ጥፋታችን ተቆጥተውናል።

እኔ ቤይሩት በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ። ማዳም ማታ ስትሰማ «ተኝተሽ ነው» አለችኝ። እኔ ወጥ ቤት ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። ደወሉ አልጮኸም ብል ማን ይመነኝ? ከሁለት ቀን በኋላ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ መጥሪያውን ሲፈታው ውስጡ ዝጎ ተገኘ። እሱ ሲቀይር ባትሪ ይዤ ያበራሁለት እኔ ነኝ። ያን ቀን ያየሁትንና ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

በሽቦ የሚሠራ ደወል እንዲህ ነው። ውጭ በር ላይ የሚጫኑት መጥሪያ አለ፤ ውስጥ የሚጮኸው ደወል አለ፤ ሁለቱን ሽቦ ያገናኛቸዋል። መጥሪያው ሲጫኑት ውስጡ ያሉት ሁለት ብረቶች ይነካካሉ፣ ኮረንቲ ያልፋል፣ ደወሉ ይጮኻል። በብዙ ቤት ትራንስፎርመር የሚባል ዕቃ 220ውን ቮልት ወደ 8 ወይም 12 ዝቅ ያደርገዋል። በአንዳንድ ቤት ግን ትራንስፎርመር የለም፤ 220ው እንዳለ እስከ መጥሪያው ይመጣል። ከውጭ ሲያዩት ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ማንም እኅት «የደወል ሽቦ አይገድልም» ብላ አትፍታ።

ደግነቱ ሽቦ ሳንነካ ብዙ ማወቅ እንችላለን።

መጀመሪያ መብራት መኖሩን እዩ። መብራት ከሌለ የሽቦ ደወልም አይጮኽም። መብራት እያለ ዝም ካለ ብሬከሮቹን ተመልከቱ፤ አንዱ ወርዶ ይሆናል። ብሬከሩ መልሶ መላልሶ ከወረደ ግን እየገፋችሁ አታንሡት፤ ተናገሩ።

ሁለተኛ፣ ቤቱ የወጥ ቤት በርም ካለውና እዚያም መጥሪያ ካለ እሱን ተጫኑ። ያ መጥሪያ ያንኑ ደወል ካስጮኸው ደወሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው የዋናው በር መጥሪያ ወይም ወደ እሱ የሚሄደው ሽቦ ነው።

ሦስተኛ፣ ድምፁን ስሙ። አንዳንዴ ጮኾ አንዳንዴ እንቢ ካለ ብዙ ጊዜ መጥሪያው ቆሽሿል ወይም ዝጓል። ሳይጫኑት እዝዝ እያለ ከቀጠለ መጥሪያው ገብቶ ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ደወሉ ይግላል። የመቃጠል ሽታ ካለው ብሬከሩን አውርዱና ወዲያው ንገሩ።

እዚህ ላይ የእኛም ጥፋት አለ። በር ስናጥብ ውኃ እንረጫለን፣ ስፕሬይ በመጥሪያው ላይ እንነፋለን። ውኃው ውስጥ ይገባና ብረቱን ያዝገዋል። መጥሪያውን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ እርጥብ እጃችሁንም አርቁ።

መቀየሩስ? 220 ከሆነ ወይም ስንት ቮልት እንደሆነ ካላወቃችሁ ሥራው የመብራት ሠራተኛ ነው። «አንቺ ፍቺው» ብትባሉም «እፈራለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ደወሉ ወይም ትራንስፎርመሩ ላይ 8 ወይም 12 ተብሎ ከተጻፈና የቤቱ ሰዎች ከፈቀዱ ግን አቀያየሩ ቀላል ነው። በቅድሚያ ብሬከሩን አውርዱ፤ ሌላ ሰው እንዳያነሣውም ለቤቱ ሰው ሁሉ ንገሩ። የመጥሪያውን ብሎን በካቻቢቴ ፍቱ። ከኋላው ሁለት ሽቦ ታገኛላችሁ። አንዱን ፈትታችሁ ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንዳይገባ እጠፉት፤ ከዚያ ሌላውን ፍቱ። ለአዲሱ ተራ መጥሪያ የትኛው ሽቦ በየትኛው ብሎን ቢታሰር ለውጥ የለውም፤ ዋናው ጠበቅ ማለቱና ሁለቱ ባዶ ሽቦዎች አለመነካካታቸው ነው። አዲሱም ለዚያው ቮልት የሚሆን ይሁን። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ብሬከሩን አንሡና ሞክሩ። አሁንም ዝም ካለ ችግሩ ከደወሉ፣ ከትራንስፎርመሩ ወይም ከሽቦው ነው፤ እዚያ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ።

ከሁሉ በፊት ግን ደወሉ እንደተበላሸ ባወቃችሁበት ሰዓት ተናገሩ። «ጀረስ ኸርባን» በቂ ነው፤ ቋንቋ ካነሳችሁ በር ላይ ወስዳችሁ እየተጫናችሁ አሳዩ። እንግዳ ከተመለሰ በኋላ የሚነገር እውነት እንደ ሰበብ ይቆጠራል፤ ቀድሞ የተነገረ ግን ይታመናል። ዛሬ ማታ ስትመለሱ በሩ ሲከፈትላችሁ አንድ ጊዜ ተጫኑትና ስሙት።