ዱላና አሸዋ፦ የጎልፍ ምት እንዴት ይሻሻላል?

ደቻቱ ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ይሁን እንጂ በዓመቱ አብዛኛው ወር ውሃ አይታይበትም። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሻገር ሰው ቁልቁል ቢመለከት የሚያየው ሰፊና ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ መንገደኛው ያቋርጠዋል። ይህን አሸዋ ከጎልፍ ጋር የሚያያይዘው ሰው ግን ብዙ አይደለም። ጎልፍ ሲባል በአብዛኛው ሰው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው የተከረከመ ለምለም ሣር፣ ውድ የዱላ ቦርሳና የባለጸጋ ትርፍ ጊዜ ነውና። በአገራችንም ጨዋታው የኖረው ከአጥር በስተጀርባ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብሪታኒያ ኤምባሲ ሰፊ ግቢ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ መኖሩን እንኳ በአጥሩ ሥር በየቀኑ ከሚያልፈው ሰው ብዙው አያውቅም።

የጨዋታው ልብ ግን ሣሩ ሳይሆን ምቱ ነው። ዱላን ወደ ኋላ አንስቶ፣ ወገብን አዙሮ፣ መልሶ ኳስን መምታት፤ ተጫዋቾች ስዊንግ የሚሉት እንቅስቃሴ ይህ ነው። ይህን ደግሞ በአሸዋ ላይ መማር እንደሚቻል ከማንም በላይ ያሳየው አንድ የስፔን ገበሬ ልጅ ነው።

ሴቬ ባዬስቴሮስ እ.ኤ.አ. በ1957 በሰሜን ስፔን፣ ፔድሬኛ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ተወለደ። መንደሯ አጠገብ የጎልፍ ሜዳ ነበረ፤ የመንደሩ ልጆች ግን ወደ ሜዳው የሚዘልቁት በአብዛኛው የሌላውን ሰው ዱላ ለመሸከም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ማኑዌል አንድ አሮጌ ዱላ ሰጠው። ዱላው ሦስት ቁጥር የሚባለው ብረት ነው፤ ፊቱ ብዙ ያልተጋደመ፣ ኳስን ዝቅ አድርጎ ሩቅ ለመላክ የተሠራ፣ ለጀማሪ ቀርቶ ለለመደውም አስቸጋሪ ነው። ልጁ ይህን አንድ ዱላ ይዞ ባሕር ዳር ወረደና አሸዋው ላይ መምታት ጀመረ። በጨረቃ ብርሃንም ተደብቆ ወደ ሜዳው እየገባ ይለማመድ ነበር።

ሌላው ተጫዋች ኳስን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ለማሳረፍ ሲፈልግ ለዚያ የተሠራ ዱላ ከቦርሳው ያወጣል። ሴቬ ሌላ ዱላ አልነበረውም። ስለዚህ የዱላውን ፊት ወደ ላይ ገለጥ አድርጎ ሞከረ፤ ኳሱን ወደ ግራ እግሩ አስጠግቶ ሞከረ፤ እጁን ዝቅ አድርጎ ሞከረ። የአንዱ ሙከራ ውጤት ለሚቀጥለው መነሻ ሆነው። በ22 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የብሪታኒያ ኦፕን የተባለውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በ1984 እና በ1988 ደገመው፤ በ1980 እና በ1983 የአሜሪካውን ማስተርስ ወሰደ። ከዛፍ ሥር፣ ከመኪና ማቆሚያ፣ ማንም ከማይጠብቀው ቦታ ኳስን አውጥቶ ወደ ጉድጓዱ የማስጠጋት ችሎታው የተወለደው ከዚያ ከአንዱ ዱላ እጥረት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሸዋ ለምን ጥሩ አስተማሪ እንደሚሆን ለመረዳት ዱላና ኳስ ሲገናኙ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። የጎልፍ ኳስ ክብደቱ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ወርዱ ከ42.67 ሚሊ ሜትር አያንስም። ዱላው ከኳሱ ጋር ተነካክቶ የሚቆየው ለአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ተጫዋቹ ምንም ሊያስተካክል አይችልም። ኳሱን የሚገዙት ጥቂት ነገሮች ናቸው፤ የዱላው ፊት ወዴት ያያል? ዱላው በየት አቅጣጫ ይጓዛል? በምን ፍጥነት? ኳሱን ያገኘው በየትኛው የፊቱ ክፍል ነው?

ኳሱ መጀመሪያ የሚወጣበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው የዱላው ፊት ነው። አየር ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ የሚያደርገው ደግሞ ፊቱ የሚያይበትና ዱላው የሚጓዝበት አቅጣጫ አለመገጣጠማቸው ነው። ብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ለረጅም ዘመን የኳሱን መነሻ የሚወስነው የዱላው መንገድ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። የራዳር መለኪያ መጥቶ እስኪታረም ድረስ ስንቱ ተጫዋች በተሳሳተ ምክር የተሳሳተውን ነገር ሲያርም እንደኖረ መገመት አያዳግትም። መጽሐፉን ብቻ አምኖ ኳሱን ያላየ ሰው ዕጣው ይህ ነበር።

ሁለተኛው ጀማሪን የሚያሳስተው ነገር ኳስን «ለማንሳት» መሞከር ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ኳስን በብረት ዱላ በደንብ የሚመታ ተጫዋች ዱላው ገና ወደ ታች እየወረደ ሳለ ኳሱን ያገኘዋል፤ መሬቱን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ኳሱን ወደ ላይ የሚያነሳው የዱላው ፊት መጋደም ነው። ጀማሪው ግን ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ አስቀርቶ ከሥር ሊጠልፈው ይሞክራል። ዱላው ኳሱ ዘንድ ሳይደርስ መሬት ይመታል፤ ወይም ተነስቶ የኳሱን አናት ይገጫል።

አሸዋው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተጫዋቹ አሸዋውን በእግሩ ይደለድልና በዱላው ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያሠምራል። መስመሩ በሁለት እግሮቹ መካከል፣ ከፊት ለፊቱ እንዲውል አድርጎ ይቆማል። ኳስ አያስቀምጥም። ዱላውን ወደ ኋላ አንስቶ ይመታል፤ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የተቆፈረውን ያያል። ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ዒላማው በግራው በኩል ስለሆነ ቁፋሮው መጀመር ያለበት መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ጥቂት ወደ ግራ አልፎ ነው። ከመስመሩ በስተቀኝ ከጀመረ ዱላው ቀድሞ ወድቋል ማለት ነው። የቁፋሮው ቅርጽም ይናገራል፤ ረዘም ብሎ ወደ ዒላማው ከጠቆመ መንገዱ ቀና ነው፤ ወደ ግራ ከዞረ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ እየቆረጠ ነው። አሥር ጊዜ ተመትቶ አሥሩም ቁፋሮ በመስመሩ ላይ ተደርድሮ ሲታይ የተጫዋቹ ችግር የት እንዳለ ያለ አሰልጣኝ ይነበባል። ይህ ልምምድ በዓለም ዙሪያ በጎልፍ አሰልጣኞች ዘንድ የታወቀ ነው።

ቀጣዩ ሥራ ማረም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው አያያዙን፣ አቋሙንና የወገብ አዟዟሩን በአንድ ቀን ሲቀይር ነው። ኳሱ ቀና ቢል የትኛው እንዳቀናው አያውቅም፤ ቢብስም የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም። የባቡር ሞተር ሲበላሽ ጠንቃቃ መካኒክ ሁለት ክፍል በአንድ ላይ አይቀይርም፤ አንዱን ለውጦ አስነስቶ ያዳምጣል። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተመሠረተች፣ በባቡር ጥገና ወርክሾፗ የምትታወቅ ከተማ ናትና ይህ አሠራር ለአንባቢዋ እንግዳ አይሆንም። ለጎልፍም ሕጉ ይኸው ነው፤ አንድ ነገር ይለወጥ፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ፤ ውጤቱ በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ።

አሜሪካዊው ቤን ሆጋን የዚህ ትዕግሥት ምሳሌ ሆኖ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1912 ቴክሳስ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ዱላ ተሸካሚ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ለዓመታት ያሰቃየው ኳሱ በኃይል ወደ ግራ እየታጠፈ መጥፋቱ ነበር። የግራ እጁን አያያዝ በጥቂቱ አላላ፤ የእጅ አንጓውንም አቀማመጥ ለወጠ፤ የቀረውን ለልምምድ ተወ። በየካቲት 1949 ከአውቶቡስ ጋር በደረሰ የመኪና ግጭት አጥንቶቹ ተሰባብረው ዳግም መራመዱ እንኳ አጠራጥሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በሰኔ 1950፣ የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፈ። በ1953 ደግሞ ማስተርስን፣ የአሜሪካ ኦፕንንና የብሪታኒያ ኦፕንን በአንድ ዓመት ወሰደ።

ሙከራ ዋጋ ያስከፍላል። ታይገር ዉድስ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በ21 ዓመቱ፣ ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ ምቱን ይቀይር የሚል ሰው አልነበረም። እርሱ ግን የራሱን ምት በፊልም አይቶ አልረካም፤ ከአሰልጣኙ ቡች ሃርመን ጋር ሊያድሰው ተነሳ። በ1998 በአሜሪካው ዋና የውድድር ዙር አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፈ፤ ተመልካቹም ወጣቱ አበቃለት ማለት ጀመረ። በ1999 ስምንት ጊዜ አሸነፈ፤ በ2000 ዘጠኝ ጊዜ፤ የዚያን ዓመት የአሜሪካ ኦፕን ያሸነፈው በ15 ምት ልዩነት ነበር። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው ለተወሰነ ጊዜ ከቀድሞው እንደሚያንስ ቀድሞ ቢያውቅ መንገዱን በግማሽ ትቶ አይመለስም።

በዘመናችን ደግሞ ብራይሰን ዴሻምቦ አለ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠና ተጫዋች ሲሆን የብረት ዱላዎቹን በሙሉ አንድ ቁመት አድርጎ አሠርቷል። ሌላው ሰው የአንዱን ዱላ ቁመት ከሌላው እያሳጠረ ሲይዝ እርሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት አቋምና አንድ ዓይነት ምት መጠቀም ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2024 የአሜሪካ ኦፕንን አሸንፏል።

ስለ ልምምድ ሳይንሱ ያገኘውም ከሴቬ የባሕር ዳር ትምህርት ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኬርና ቡዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ልጆችን ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ አስወረወሩ። አንዱ ቡድን ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት ወረወረ፤ ሌላው ከዚያ ከሚቀርብና ከሚርቅ ቦታ እያፈራረቀ ወረወረ። በመጨረሻ ሁሉም በመጀመሪያው ቡድን ርቀት ሲፈተኑ የተሻሉት፣ ያንን ርቀት ጨርሶ ያልተለማመዱት፣ አፈራርቀው የወረወሩት ልጆች ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምት ሃምሳ ጊዜ ከመደጋገም አንዱን አጭር፣ አንዱን ረጅም፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ከፍ አድርጎ ማፈራረቅ ይበልጣል። ልምምዱ በዕለቱ ይከብዳል፤ የሚዘልቀው ግን እርሱ ነው። ጋብሪኤለ ቩልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት የጎልፍ ጥናትም ስለ ክንዳቸው ከሚያስቡ ጀማሪዎች ይልቅ ስለ ዱላው እንቅስቃሴ የሚያስቡት ዒላማቸውን በተሻለ አግኝተዋል።

በድሬዳዋ ለሚሞክር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር መታወስ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሙቀቷም የታወቀ ነው። ከፍታና ሙቀት አየሩን ያሳሳሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ኳስን የሚጎትተው ኃይል ይቀንሳል። በኳስ አምራቾች ስሌት መሠረት በዚህ ከፍታ አንድ ምት ከባሕር ዳርቻው ይልቅ 4 ወይም 5 በመቶ ያህል ይርቃል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 9 በመቶ ይጠጋል። በውጭ አገር መጽሐፍ የሠፈረን ርቀት ቀጥታ ወስዶ ራስን በርሱ መለካት እንግዲህ ያሳስታል።

ዱላው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የጎልፍ ዱላ ውድ ነው፤ በቀላሉም አይገኝም። ነገር ግን ለመስመሩ ልምምድ የገና ዱላ ይበቃል። ጫፉ ቆልመም ያለው የገና ዱላና ሩር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። ገና ሩሯ እየተንከባለለች ተጋጣሚ እየተሻማ የሚጫወቱት በመሆኑ ከጎልፍ ይለያል፤ ሆኖም በሁለት እጅ ጨብጦ፣ ወገብ አዙሮ፣ ክብደትን ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር አሸጋግሮ መሬት ላይ ያለን ነገር መምታት በሁለቱም አንድ ነው። ኳስ ሲያስፈልግ የጨርቅ ኳስ ወይም ያረጀ የቴኒስ ኳስ ይሻላል። የጎልፍ ኳስ ጠንካራ ነው፤ ሰው በሚተላለፍበት ቦታ ፈጽሞ አይመታም።

ቦታው ደቻቱ ከሆነ ደግሞ ወቅቱ ይጠበቅ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከተማዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በዙሪያው ተራሮች የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ስለሚችል በተራሮቹ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር አሸዋው ውስጥ መቆም አይገባም።

የከተማዋ የስፖርት ኃላፊዎችና የባህል ስፖርት አሰልጣኞች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የጎልፍ ሜዳ ለመሥራት ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለድሬዳዋም ቀዳሚ ጉዳይ አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ጥቂት አሸዋ አፍስሶ፣ ጥቂት የገና ዱላ አቅርቦ፣ ለየልጁ አንድ ደብተር ሰጥቶ በሳምንት ሁለት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ማለማመድ ግን ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። ይጀመር።