ይፋት ቆላ፣ ከቤቱ የሚሠራው ዲዛይነር

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ የሚያገኟት ቆላማ የይፋት ከተማ ናት። ይፋት ሲነሣ ሽንኩርቱ፣ ማሾውና ሙቀቱ ይታወሳሉ። ዛሬ የማስተዋውቀው ባለሙያ ግን ማሳ አይፈልግም፤ ላፕቶፕ፣ ስልክና ጸጥ ያለ የቤት ጥግ ይበቃዋል። የማንም ተቀጣሪ ሳይሆን፣ ሥራ በሥራ እየተዋዋለ ከቤቱ የሚሠራ ግራፊክ ዲዛይነር ነው። ቆላ ነውና ሥራው ማለዳና ማታ ይቀናል።

የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የምረቃ ባነር፣ የሆቴል ሜኑ ይሠራል። ደንበኛው በቴሌግራም ይመጣል፤ አርማውንም በፎቶ መልክ ይልካል። ቴሌግራም ደግሞ በፎቶ መልክ የተላከን ምስል ጥራቱን ይቀንሰዋል። ስልክ ላይ እንከን የለውም፤ ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጠር ግን ጠርዙ ይሸራረፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ «ጋሼ፣ እባክዎ በፋይል መልክ ይላኩልኝ» ነው። ዋናው ፋይል ከጠፋ፣ ቢያሳድጉት በማይበላሽ የቬክተር መሥመር አርማውን እንደገና መሣል ግድ ይላል።

ሙያው በደንብ የሚፈተነው ፊደል ላይ ነው። ላቲን ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው ርዕስን በትልቁ ጽፎ ማጉላት ይቻላል። የእኛ ፊደል ይህ የለውም፤ ዓይንን የሚመራው መጠኑ፣ ውፍረቱና ባዶ የተተወው ቦታ ነው። በይፋት ሌላም ነገር ይጨመራል። ወደ ሰንበቴና ከሚሴ ሲኬድ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስለሆነ፣ ባነሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍ ይችላል። «እንኳን ደህና መጡ» 9 ፊደል ነው፤ የአፋን ኦሮሞ አቻው «በጋ ነጋን ዱፍተን» በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ 17 ይሆናል። ሁለቱን መሥመሮች እኩል ለማስረዘም ሲሉ አማርኛውን ወደ ጎን የሚጎትቱ አሉ፤ የፊደሉ እግር ያብጣል፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለ ታፔላ ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሁለቱን መሥመሮች መሃል ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም ቁቤውን ለሁለት መሥመር መክፈል ይቻል ነበር።

ሥራው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚታተም ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በእንዲህ ያለ ፎንት የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት፣ የሙሽራው ስም ትርጉም የለሽ የላቲን ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። የዩኒኮድ ፎንትም ቢሆን በሌላ ሲተካ አሰላለፉ ይፋለሳል። መፍትሔው የሚታረመውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጦ፣ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሮ በፒዲኤፍ መላክ ነው። የተቀየረው ቅጂ ላይ ፊደል ማረም ስለማይቻል ስምና ቀኑ አስቀድሞ ይጣራል።

የፎቶሾፕና የኢሉስትሬተር ኪራይ የሚታሰበው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ለሚያገኝ ሰው በጣም ከብዷል። ለጀማሪ የምመክረው ኢንክስኬፕን ነው፤ ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በዚህ ሙያ ለሚኖር ሰው ገበያው ሁሉ ነበር የተዘጋበት። ውጭ አገር ያለ ደንበኛ መልስ ሲያጣ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ መሥመሩ ሲመለስ እሱን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። ይህ ኪሳራ ከመብራት መቆራረጥ ጋር ተደምሮ ሊታይ አይገባም፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው።

ክፍያው ግን ቀሏል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ አጣዬ ያለ ደንበኛ ካለበት ሆኖ በስልኩ ይከፍላል። ሥራው ሳይጀመር ግማሹን ቀብድ መቀበል፣ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚደረግም በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። «ቀለሙን ትንሽ ቀይርልኝ» ማለቂያ ስለሌለው፣ ከሦስተኛው እርማት በኋላ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለ ደንበኛው ቀብዱን ከመላኩ በፊት ይወቅ።